ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ

ይህ የደረሰብን ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ከዚያ ወዲህ በሳንሱሲ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ታክሲ የሚጠብቁትን ሰዎች እጅ እያየሁ ነው የማልፈው። የምፈልገው አንድ ሰው አለ፤ እስካሁን አላገኘሁትም።

ኮልፌ ገበያ አጠገብ ልብስ እሰፋለሁ። ታናሽ ወንድሜ ብሩክ ደግሞ በአሮጌ ደብል ጋቢና ፒካፕ ለግንበኞች ብሎኬትና አሸዋ ያመላልሳል። መኪናው በናፍጣ የሚሠራ፣ ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋ ቱርቦ ያለው ነው። ግን አርጅቷል፤ ብሎኬት ተጭኖበት ዳገት ሲወጣ ያቃስታል።

አንድ ቀን ብሩክ ስልኩ ላይ ቪዲዮ አሳየኝ። የውጭ አገር ሰዎች ወደ ቱርቦው ከሚገባው አየር ጋር ትንሽ ጋዝ እየቀላቀሉ የመኪናውን ጉልበት ይጨምራሉ። ጋዙ ናፍጣው ተሟጦ እንዲቃጠል ያግዘዋል አለኝ። እኔ ከዚያ ሁሉ የገባኝ ጋዙ ወጥ የምንሠራበት ዓይነት መሆኑ ብቻ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ጋራዥ ከሚሠራ ጓደኛው ጋር ሆኖ ሠራው። ትንሽ የወጥ ቤት ሲሊንደር ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ አቁመው በሽቦ አሰሩ። ከሲሊንደሩ የሚወጣው የጎማ ቱቦ ወለሉ ላይ በበሱት ቀዳዳ አልፎ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ዳገት ሲመጣ ብሩክ ከመሪው ሥር ያስገጠማትን ማብሪያ ይጫናል፣ ጋዙ ይለቀቃል።

እውነት ለመናገር ሠርቶለት ነበር። አንድ ጠዋት ብሎኬት እንደጫነ እኔንም አሳፍሮኝ ዳገት ወጣን። ማብሪያውን ሲጫን ጀርባዬ ከወንበሩ ጋር ተጣበቀ። ብሩክ መንገዱን እያየ ፈገግ አለ። አባታችን ሲሞት ትምህርቱን አቋርጦ ሥራ የገባ ልጅ ነው። በገዛ እጁ በሠራው ነገር እንዲህ ሲኮራ አይቼው ስለማላውቅ ደስ አለኝ።

ታሪኩ የደረሰው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ትንሿ እህታችን ቡራዩ ወልዳ ስለነበር እማዬን ይዘን ልንጠይቃት ወጣን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል። ያን ሰሞን ደግሞ ጉንፋን አፍኗት ስለነበር ነፋስ እንዳይመታት መስኮቱን ሁሉ አስዘጋችን።

ሳንሱሲ ስንደርስ ሙዝ እንግዛ ብዬ ብሩክን አስቆምኩት። እማዬ መውረድ ስለሚከብዳት ከኋላ ወንበር ላይ ቀረች። እኔና ብሩክ ወርደን ገዛን፤ ሻጯ ዝርዝር ፍለጋ ስትዞር ትንሽ ቆየን።

ተመልሰን በሩን ስንከፍት ሽታው ፊቴን መታኝ። የበሰበሰ ሽንኩርት ይመስላል።

«ብሩክ፣ ይሸታል እኮ» አልኩት።

«ሁሌም ትንሽ ትንሽ ይሸታል። መንዳት ስንጀምር ይጠፋል» አለኝና ገብቶ ቁልፉን ሰካ።

ያን ጊዜ አንድ ሰው አጠገባችን ከነበረው የታክሲ ሰልፍ ወጥቶ እየሮጠ መጣ። በእኔ ዕድሜ የሚሆን፣ ሹራብ የለበሰና ፌስታል ያንጠለጠለ ሰው ነው። የብሩክ በር ገና አልተዘጋም ነበር። ሰውየው እጁን ሰድዶ ወንድሜ እጅ ላይ አሳረፈ።

«ወንድሜ፣ ቁልፉን አታዙረው» አለ።

ብሩክ ተቆጣ። «ምን ሆነሃል? ማን ነህ አንተ?»

«ጋዝ ነው የሚሸተው። እባክህ እጅህን አንሳ።»

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ብሩክ ሊገፋው ብሎ ወደ ሰውየው እጅ ተመለከተ፤ እኔም አየሁት። ቆዳው ተጨማዶ የሚያብረቀርቅ፣ ሁለት ጣቶቹ እርስ በርስ የተጣበቁ እጅ ነበር። ብሩክ ቁልፉን ለቀቀ።

«ምንም ማብሪያ አትንኩ፣ ስልክም አትንኩ። በሮቹን ክፈቱና እናታችሁን አውርዱ» አለን። ከዚያ ወደ እማዬ ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ ይምጡ፣ ትንሽ አየር ይውሰዱ» አላት።

እማዬ በጉንፋኑ ምክንያት ምንም አልሸተታትም። «ደረስን እንዴ?» አለች።

ከመኪናው ብዙም ሳትርቅ አንዲት ሴት በቆሎ ትጠብስ ነበር። ሰውየው ሄዶ «እህቴ፣ ጋዝ እየወጣ ነው፤ እሳትሽን አጥፊልኝ» አላት። አልተከራከረችውም። ያላትን ውሃ በሙሉ ከሰሉ ላይ ገለበጠችው። ጋዝ የሚለውን የሰማ ሰው ሁሉ መሸሽ ጀመረ፤ የታክሲው ሰልፍ በአንዴ ፈረሰ። እኔም እማዬን ደግፌ እሷ በምትችለው ልክ ራቅሁ። መሮጥ እየፈለጉ በእሷ እርምጃ መሄድ ምን ያህል እንደሚከብድ ያን ቀን አወቅሁ።

ብሩክ ወደ መኪናው ሊመለስ ሲል ሰውየው አስቆመው።

«ሲሊንደሩ የት ነው?»

«ከወንበሬ ጀርባ።»

«አንተ እናትህ ጋ ሂድ።»

ብቻውን ወደ መኪናው ገባ። ከሩቅ የሚታየኝ ጀርባው ብቻ ነበር። የተጎዳው እጁ የሲሊንደሩን መዝጊያ ለማዞር አልታዘዝ ብሎት መሰለኝ፣ ዞሮ በሌላኛው ሞከረ። እማዬ «ያ ሰውዬ ምን እያደረገ ነው?» ትለኛለች። ቀና ብሎ ሲወጣ ሲሊንደሩን ዘግቶት ነበር። በሮቹን እንደተከፈቱ ትቶ መጣና የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

ውሃ ገዝቼ ወሰድኩለት። በተጎዳው እጁ ክዳኑን መክፈት አቃተው፤ ከፈትኩለት። ብሩክም መጥቶ አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

«ጋዝ መኪና ውስጥ ምን ይሠራል?» ብሎ ሰውየው ጠየቀው። የገረመው ይመስል ነበር እንጂ አልተቆጣም።

ብሩክ አንገቱን ደፍቶ ስለ ቱርቦው፣ ስለ ጭነቱና ስለ ዳገቱ አስረዳው።

«ይጎትታል?»

«በጣም ይጎትታል፣ ጋሼ።»

«እሺ» ብቻ አለ። ብሩክ በኋላ እንደነገረኝ፣ ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

ከዚያ ሳንጠይቀው ተናገረ። «እኛ ቤትም ጠዋት ነበር። ቁርስ ልትሠራ ክብሪት ጫረች። እኔ ግቢ ውስጥ ነበርኩ፤ ላወጣት ገባሁ።» የተቃጠለውን እጁን አየት አደረገና «ይህን ያህል ነው የደረስኩት» አለ።

ሚስቱ ትሁን ልጁ አልጠየቅነውም። ምን ብለን እንጠይቀዋለን? ታክሲ ሲመጣ ሱሪውን አራግፎ ተነሳ፣ ለእማዬ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጣትና ሄደ። እኔና ብሩክ ስሙን እንዳልጠየቅነው ትዝ ያለን ታክሲው ከዓይናችን ከራቀ በኋላ ነው።

ብሩክ በማግስቱ ሁሉንም ነቀለው። ቱቦው ወለሉን በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ብረቱ ፈግፍጎ በልቶታል። ጋዙን የሚዘጋው ነገር የተገጠመው ወደ ሞተሩ ጫፍ ስለነበር ማብሪያው ባይነካም ቱቦው ሁሌ ጋዝ የሞላበት ነበር ለካ። ጓደኛው በደንብ አድርገን እንሥራው አለው፤ ሲሊንደሩን ውጭ፣ ሞተር ሲጠፋ ራሱ የሚዘጋ መዝጊያ ያለው። ምናልባት እንደዚያ ቢሠራ ችግር አይኖረውም ይሆናል። ብሩክ ግን «እኔ ይቅርብኝ» አለ። አሁን ቀነስ አድርጎ ይጭናል፣ ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብሎ ይወጣል።

እማዬ እስከ ዛሬ መኪናው ተበላሽቶ ያ ደግ ሰው የጠገነልን ነው የሚመስላት። አላረምናትም።

እኔ ግን ደጋግሜ አስበዋለሁ። ያን ቀን የሸሸነው ሁሉ እሳት ምን እንደሚያደርግ የምናውቀው በወሬ ነው። በሰውነቱ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር፤ ወደ መኪናው የሄደውም እሱ ብቻ ነው። ባገኘው ምን እንደምለው ራሱ አላውቅም። እናቴን አዳንክልኝ ብዬ ማመስገን እሱ ፊት የሚከብድ ነገር ይመስለኛል። ስለዚህ ለጊዜው በጸሎቴ ነው የማነሳው። ስሙን ስለማላውቅ «ያን ሰውዬ አደራህን» እላለሁ። ማንን ማለቴ እንደሆነ እግዜር አይጠፋውም።