ስም የሚጠራው ከየት ነው?

መጀመሪያ በደሉ ይጻፍልኝ። የልጅ ልጄ መክሊት ለቡ በሚሰጠው የክረምት የሰርከስ ሥልጠና፣ ሰው በሰው ላይ ወጥቶ በሚሠራው ፒራሚድ ከታች ቆማ ሌሎቹን በትከሻዋ ስትሸከም ከረመች። ለወላጆች ሙከራው በታየ ዕለት ግን ስማቸው የተጠራው ከላይ የወጡት ብቻ ናቸው። ቤት ስትገባ፣ “ለመዝጊያው አልሄድም፤ እኔ መሰላላቸው ነኝ” አለችኝ። ለምኜ ሳይሆን ተቆጥቼ አስነሣኋት፤ የመዝጊያው ቀን አብረን ወጣን።

ጠዋት፣ ከሀና ማርያም

ዝናብ ሲጥል ስላደረ ታክሲ ጠፍቶ ነበር። በመጨረሻ ያገኘነው ሚኒባስ ረዳት፣ ለሦስት በሚሆን ወንበር ላይ አራተኛ ሰው ሊያስገባ ሲል እጄን ዘርግቼ ከለከልኩ። “እማማ፣ ትራፊክ ሆነው ተቀጠሩ እንዴ?” ብሎ ሰዉን ሁሉ አሣቀብኝ። ሰውየው ግን አልገባም።

ለቡ ስንወርድ የሕንፃ አሸዋና ጠጠር መንገዱን ይዞት፣ ጭቃውን ዳር ዳሩን ተሻገርን። የበቆሎ ጥብስ ገዛሁላት። ሳትቀምሰው ይዛው ሄደች።

አዳራሹ ውስጥ

አሠልጣኙ ቢኒያም ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ለስላሳ ወጣት ነው። ፍራሽ ሲያነጥፍ አገኘሁትና መክሊትን ዛሬ ከላይ እንዲያወጣት ነገርኩት። ሊያስረዳኝ ሞከረ፤ አልሰማሁትም። ሲታክተው፣ ሁልጊዜ ጫፍ ላይ የምትቆመውን ቀጭኗን ሀያትን በመክሊት ቦታ አቆማት። ሁለተኛው ረድፍ ሳይሞላ የሀያት ጉልበት ተብረከረከና ሁሉም ፍራሹ ላይ ተደረመሱ።

ሀያት ከሥር እየወጣች፣ “መክሊቴ፣ ይሄን ሁሉ ተሸክመሽ ነው እንዴ ፈገግ የምትይው?” አለቻት። ልጆቹ ተንከተከቱ፤ መክሊትም ሣቀች። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ፣ “እማዬ፣ ከላይ ልውጣ አላልኩም እኮ። ቦታዬንስ እወደዋለሁ” አለችኝ።

ለካ የተሳሳተ ነገር ስጠይቅ ኖሯል። ስለዚህ ወደ ቢኒያም ዞርኩ።

“ታዲያ ስሟ ለምን አይጠራም?”

“ልማዱ ነው እማማ። እኛም ስንማር እንዲሁ ነበር።”

“አንተ የት ነበር የምትቆመው?”

“ከታች።”

“ስምህን ጠርተውት ያውቃሉ?”

ፍራሹን ማስተካከል ጀመረ። ወዲያው ተመልካቹ መግባት ያዘ፤ እኔም ፊት ለፊት ሄጄ ተቀመጥኩ።

ከሰዓት በኋላ፣ ትርኢቱ

ከበሮው ተመታ። መክሊት እግሯን ከፍታ ቆመች፤ አንዱ ባንዱ ላይ ወጡ፤ ሀያት ጫፉ ላይ እጇን ዘረጋች። ከታች ያለችው ልጄ ቅንድቧ እንኳ አልተነቃነቀም። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

አስተዋዋቂው አፉን ሲከፍት ቢኒያም ማይኩን ከእጁ ወሰደና እኔ ወዳለሁበት ተመለከተ።

“እማማ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስም የምንጠራው ከታች ነው” አለ። “መክሊት ታደሰ።”