አማቴ፣ ስኩተሯና ትራሱ

አማቴ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሱልኝም። ተጣልተን እንዳይመስላችሁ! ቤታቸው ስሄድ ምሳዬ ይቀርባል፣ ሻዬ በቅርንፉድ ይመጣል፣ የሸሚዜ ቁልፍ ከረገፈ ሳልናገር ተተክሎ አገኘዋለሁ። ቃል ግን የለም። ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ ያደርጉና ልጃቸውን፣ ማለትም ሚስቴን፣ "ወጡ ቀዝቅዞበት እንደሆነ ጠይቂው" ይሏታል። እኔ እኮ እዚያው አጠገባቸው ተቀምጫለሁ! "ኧረ አልቀዘቀዘም እማማ፣ እጅዎን ይባርከው" ብዬ ራሴ ስመልስላቸው፣ ድንግጥ ብለው ወደ ጓዳ ይገባሉ።

ለነገሩ የአገሩ ወግ ነው። አማቴ ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ካለው ከሐርላ የተወለዱ ኦሮሞ ናቸው፤ በእሳቸው ቤት አማትና የልጅ ባል ፊት ለፊት አይተያዩም፣ በቀጥታም አይነጋገሩም። ሚስቴ ስንቴ አስረድታኛለች። "አቦ፣ ክብር ነው እኮ! ባትወድህ መች ትሸፈንልህ ነበር?" ትለኛለች። እኔ ደግሞ የወሎ ልጅ ነኝ፤ እኛ ጋ አማት የልጇን ባል አገላብጣ ስማ በእጇ ታጎርሳለች። በዚያ ላይ እናቴ የሞተችው መልኳን እንኳ ሳላውቅ ነው፤ አጎቴ ነው ያሳደገኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ሳገባ እናትም አብራ የምትመጣልኝ መስሎኝ ነበር። በሕይወቴ አንዴ እንኳ ከአንዲት ሴት አፍ "ልጄ" የሚል ቃል መስማት እፈልግ ነበር። "እንዲህ ያለ ክብር ይቅርብኝ!" እላታለሁ ሚስቴን፤ ትስቅብኛለች።

ዘመኑ የደርግ ነው፣ ከሶማሊያ ጦርነት በኋላ ያሉት ዓመታት። እኔ ባቡር ጋራዥ መካኒክ ነበርኩ። ከዚራ ሰፈር ይኖር የነበረ አንድ ግሪክ አገር ጥሎ ሲሄድ ስኩተሩን ሸጠልኝ፤ ሰማያዊ፣ አንድ ጎኗ የተጨረመተ፣ ጠዋት ጠዋት የምታኮርፍ ሞተር። ቤንዚን በኩፖን ስለሆነ ሳምንቱን ሙሉ ሥራ በእግሬ እሄድና የቆጠብኳትን ለቅዳሜ አስቀምጣለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከተማው ግማሹ ሙቀቱን ሸሽቶ ሲተኛ ግማሹ ጫት ይዞ በርጫ ላይ ሲሰየም፣ እኔና ሚስቴ ሹልክ እንላለን። ሩቅ አይደለም። አንዴ በሽንሌ በኩል፣ አንዴ ወደ ቢዮ አዋሌ፣ አንዴ ደግሞ ስሙን ወደማናውቀው ኮረብታ። ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ቤታችን ነን። ጎረቤቶቻችን "ምን ልታዩ ነው?" ይሉናል። ምን እንደምናይ ብናውቅማ መች እንሄድ ነበር!

ከዚያ ሚስቴ አረገዘች፣ ሞተር ላይ መውጣትም ተከለከለች። አማቴ ሊያግዟት ቤታችን ገቡ። ቅዳሜ መጣ፣ ቅዳሜ ሄደ፤ ስኩተሯ ደጅ ላይ አቧራ ለበሰች። እኔም ፊቴ ጠቁሮ ኖሯል፣ አንድ ቀን ሚስቴ ጠራችኝና "እናቴ ቤት ውስጥ ታፍና አለቀች። የኋላው ወንበር ባዶ ነው፣ ይዘሃት ሂድ" አለችኝ።

"አብደሻል? ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የማይቀመጡት አንድ ሞተር ላይ ሊቀመጡ?"

"ሞተር ላይ እኮ ፊት ለፊት አትተያዩም።"

ሳቄ መጣ። አማቴ ያቺን ስኩተር ስንት ጊዜ "የሸይጣን ፍየል" ብለው ረግመዋታል! ግን ዞር ስል፣ ከመጋረጃው ስር አዲሱን ጫማቸውን አድርገው የቆሙ እግሮች አየሁ። ለካ ጉዳዩ አልቋል፣ የቀረው እኔን ማስፈቀድ ብቻ ነበር። ሚስቴ ከአልጋችን ላይ ትልቁን ትራስ አምጥታ በእሳቸውና በእኔ ጀርባ መሃል አስቀመጠችው። እሳቸው ወደ ጎን ዞረው ተቀመጡ፣ የኋላውን ብረት ጨበጡ፣ "ቢስሚላሂ" አሉ፣ ሄድን።

መውጫው ላይ ኬላ አለ። ድሬ እንደምታውቁት የኮንትሮባንድ አገር ነው፤ ወታደሩ እኛን ትቶ ትራሱን አየ። ጫን ጫን አደረገው፣ አሸተተው። "ምንድነው ውስጡ?"

"ጥጥ።"

"ጥጥ ይዛችሁ የት ነው የምትሄዱት?"

"ኧረ አማቴ ናቸው..." ብዬ ጀመርኩና ቀጥሎ የምለው ጠፋኝ። ሰውዬው ደገኛ ነው፣ እንዴት ብዬ ላስረዳው? ሚስቴ የለች፣ አስተርጓሚ የለ። ይሄኔ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ። አማቴ ወደ ስኩተሯ ጎንበስ ብለው፣ "አንቺ ሞተር" አሏት፣ "በዪው፤ ይሄን ወታደር አማት የለህም ወይ ብሎ ይጠይቀው።"

ወታደሩ በሳቅ ፈረሰ፣ ሰንሰለቱንም አወረደልን። እኔ ግን መሳቁ ጠፋኝ። ያለ ልጃቸው አናገሩኝ! በብረት በኩልም ቢሆን፣ ለእኔ ብለው ተናገሩ! ደስታዬ አላስችል ብሎኝ ዞር አልኩና "ምን አሉኝ እማማ?" አልኳቸው። በቃ፣ ሻሹ ወረደ፣ አፋቸው ተዘጋ። ምላሴን ብነክሳት ደስ ባለኝ።

የደንገጎን ዳገት ሞተሯ እያቃሰተች ወጣችው። አንዱ ጥምዝ ላይ እንድትበርድ አቆምኳትና ወረድን። አማቴ ሻሻቸውን በሁለት ጣት ገለጥ አድርገው ቁልቁል ተመለከቱ። ድሬ ሙሉዋን ተዘርግታለች። ያ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ ነጭ አሸዋውን ዘርግቶ መሃሏን ሰንጥቋት ሄዷል፤ ጣሪያው፣ ሚናራው፣ የዛፉ ጥላ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሜዳው፣ ሜዳው፣ ሜዳው፣ ሰማዩ የት እንደሚጀምር እስከማይለይ ድረስ። ባቡር ወደ ጅቡቲ እየወጣ ነበር። እኔ ቀኑን ሙሉ ከሥሩ ተኝቼ በዘይቱ የምታጠበው ያ ሁሉ ብረት፣ ከዚያ ላይ ሳየው ክር ሆኖ ነበር። ሴትዮዋ እዚያች ከተማ ውስጥ ወልደው፣ ከብደው፣ ባል ቀብረው፣ አንድ ቀን እንኳ ሙሉዋን አይተዋት አያውቁም።

ብዙ ቆይተው፣ "አንቺ ሞተር፣ ጠይቂው" አሉ በቀጭን ድምፅ፣ "ይሄ ሁሉ ድሬ ነው?"

"አዎ እማማ፣ ያ ነው መጋላ፣ ያ ደግሞ..." አልኩና ጣቴን ቀሰርኩ። ዝም። አሁንም አበላሸሁት። እስከ ቤት ድረስ አንድ ቃል አልሰማሁም። ማታ ለሚስቴ ግን ያዩትን ሁሉ በሹክሹክታ ሲነግሯት በመጋረጃው በኩል ሰማሁ፤ "ጌታዬ አሳየኝ፣ በእሱ እጅ አሳየኝ" ይላሉ። እሱ የተባልኩት እኔ ነኝ። ለእኔ ቢሉት ምን ነበረበት?

በሌላ ቅዳሜ ሐርላ ወሰድኳቸው፣ ተድረው ወደ ከተማ ከመጡ ወዲህ ረግጠዋት አያውቁም። ከአስፋልቱ ወርደን፣ ደረቅ የአሸዋ ወንዝ ተሻግረን፣ በቁልቋል መሃል እየተንገጫገጭን ደረስን። የጥንቱ ሰዎች ፍርስራሽ እዚያ ነው። ግድግዳ የነበረ፣ አሁን የወይራና የእሾህ ቤት የሆነ ድንጋይ። አንዱ ብቻውን በሬ ያህላል! ያገሬው ሰው፣ የሠሩት ግዙፍ ሰዎች ናቸው ይላል። እኔ እንደ መካኒክ ዞርኩት፣ በምን አነሱት፣ በምን አስተካከሉት ብዬ። ጭራሽ ድምፄን ከፍ አድርጌ መናገር ፈራሁ።

አማቴ ግን እንደ ዘመድ ቤት ገቡ። መዳፋቸውን አንዱ ድንጋይ ላይ አሳርፈው ቆዩና፣ "አንቺ ሞተር፣ ንገሪው" አሉ። "ልጅ ሆኜ እዚች ላይ ተቀምጬ ፍየል ስጠብቅ፣ ነፋሱ ሲመቸው የባቡሩ ጩኸት እዚህ ድረስ ይመጣል። እኔ የግዙፎቹ ድምፅ ይመስለኝ ነበር። እሪ እያልኩ እሮጣለሁ። አሁን የሚጠግነው ሰው አማቼ ሆነ ብለሽ ንገሪው።"

መልስ ልሰጥ ስል ራሴን ያዝኩና ወደ ሞተሯ ሄጄ መቀመጫዋን በእጅጌዬ ጠረግኩ።

ስንመለስ የአሸዋው ወንዝ መሃል ጎማው ሰመጠ። አማቴ ወረዱ፣ ትራሱን ታቅፈው ወዲያ ማዶ ተሻገሩና ዳርቻው ላይ ቆሙ። እኔ መግፋቴን ቀጠልኩ። ሰማዩ ከላያችን ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው፤ ደመናው ሩቅ፣ ከደጋው ጫፍ ላይ። የሆነ ጉርምርምታ ሰማሁና አስፋልቱ ላይ ካሚዮን ያለፈ መሰለኝ።

ቀና ስል አማቴ ትራሱን ጥለው ወደ እኔ እየሮጡ ነው። ወደ አሸዋው! ሻሻቸው ከራሳቸው ወርዶ አንገታቸው ላይ ይውለበለባል፣ ፊታቸው ተገልጧል፣ ሞተር የለ በዪው የለ፣ በቀጥታ በእኔ ላይ ይጮኻሉ። "ኢልመ ኮ! ዲሲ! ኢልመ ኮ!"

ኦሮምኛዬ የገበያ ነው፣ ይሄን ግን ማን ያጣዋል። ልጄ። ተዋት። ልጄ።

እኔ ጅሉ አሁንም ሞተሯን አልለቀቅኩም። ደርሰው ሸሚዜን ከኋላ ጨምድደው ጎተቱኝ፤ ያ የእሳቸው ጣት የተከለው ቁልፍ ሲበጠስ ተሰማኝ። ተያይዘን ዳርቻውን እንደወጣን ዞር ብዬ አየሁ። በጥምዙ በኩል ጎርፉ መጣ። ውሃ አይመስልም። ቡናማ ግድግዳ ነው፣ ፊቱ ላይ ግንድ፣ እሾህና ድንጋይ እያንከባለለ የሚሄድ ግድግዳ። ከሥራችን ምድሪቱ ተንቀጠቀጠች። ያ አሁን የቆምኩበት ደረቅ አሸዋ ዓይኔ እያየ ወንዝ ሆነ። የሞተሯ ሰማያዊ ጀርባ አንዴ ብቅ አለ፣ ተገለበጠ፣ ጠፋ። ያ አላህ! ከላያችን እኮ ጠብታ የለም፣ ፀሐይዋ ትስቃለች! ስለ ሞተሯ ማዘን እንኳ ያኔ ትዝ አላለኝም። እንዲህ ያለ ነገር ፊት ቆሜ አላውቅም፣ መሬት ላይ ዘጭ አልኩ።

ጎርፉ ትንሽ እስኪበርድ ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተን ተቀመጥን። አማቴ ሻሻቸውን መልሰው ፊታቸው ላይ ጎትተዋል። ዞር ብዬ ባላያቸውም ትንፋሻቸውን እሰማለሁ። የሆነ ነገር ሊሉ ፈልገዋል። አንዴ "አንቺ..." ብለው ጀምረው ተዉት። ሞተሯ የለችማ! በማን በኩል ይናገሩ? ሳር የሚግጥ ፍየል እንኳ የለም፣ እኔና እሳቸው ብቻ ነን። ተነስቼ እግራቸው ስር ወድቄ መሳም አማረኝ። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ በኬላው ላይ፣ በደንገጎው ላይ እንዴት እንዳበላሸሁት ትዝ አለኝና ዝም አልኩ።

ትራሱ አጠገባችን ወድቋል፣ አሸዋ ለብሶ። አነሱት፣ አራገፉት፣ መልሰው በመሃላችን አስቀመጡት።

"አንተ ትራስ" አሉ። "ጠይቀው። ቅድም ልጄ ያልኩትን ሰምቷል ወይ?"

ፊቴን ወደ ውሃው እንዳዞርኩ፣ እጄን ትራሱ ላይ አሳረፍኩ።

"ሰምቷል በላቸው" አልኩት።