የተረፈው ብሎን

በእንግሊዟ ኮቨንትሪ ከተማ፣ እኛ መንገድ ላይ የምትኖረው ቤረል የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነበረች። ሃምሳ ዓመት ሲሞላት ዝናብ ሲወቅጠው የኖረ አሮጌ ትራያምፍ የስፖርት መኪና ገዛች፤ በሕይወቷ ግን አንድ ዳዶ ፈትታ አታውቅም። ጎረቤቷ ዊልፍ ዕድሜውን በመኪና ፋብሪካ የጨረሰ ሰው ነው። ምክር ሲያበዛባት፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሁለተኛ ቃል ብትተነፍስ ጋራዤን አትረግጣትም!» አለችው። ከዚያ ወዲያ ሻዩን ይዞ እየመጣ ዝም ብሎ ያያት ጀመር።

ሞተሩን ገጣጥማ በጨረሰች ቀን ጠረጴዛው ላይ አንድ ብሎን ተረፈ። አገላብጣ አየችው። የእሷ ብሎኖች ሁሉ ዘይት የጠጡ ናቸው፤ ይሄ ግን ያብረቀርቃል።

«ዊልፍ፣ ይሄ ያንተ ሥራ ነው!»

«እኔ ምን አውቄ? ቃል እንዳትተነፍስ ብለሽኝ የለ?»

አላመነችውም። ግን ብሎኑ የሞተሩ ቢሆንስ? ጥርጣሬው ሰላም ሲነሳት እየተራገመች ሞተሩን መልሳ ፈታችው። ብሎኑ የሚገባበት ቀዳዳ የለም። ፒስተኖቹን ከሞተሩ ዘንግ ጋር ከሚያገናኙት ብረቶች፣ ከቢዬላዎቹ በአንዱ ላይ ግን ሁለቱም ዳዶዎች በጣት የሚዞሩ ሆነው አገኘቻቸው፤ ማጥበቁን ረስታው ኖሯል። እንደዚያው ብታስነሳው ቢዬላው የሞተሩን ሆድ ቀዶ በወጣ ነበር።

በሚያዝያ መኪናዋ ተነሳች። ቤረል ዊልፍን አጠገቧ አስቀምጣ ሰፈሩን ዞረች።

«ዳዶዎቹን ሳላጠብቅ መርሳቴን አይተህ ነው አይደል ብሎኑን የጣልክልኝ?»

«መንገዱን እዪ እንጂ፣ እቴ!» አለና ፊቱን አዞረ።

ሥራው የእሱ መሆኑን እስከ ዛሬ አላመነላትም። እሷም ሌላ ብሎን እንዳይጥል ሻይ ስታቀብለው እንኳ ዓይኗን ከእጆቹ ላይ አትነቅልም።