ሰንሰለት አሳሪው

ከቱርኳ ከተማ ከኤርዙሩም ወጣ ብሎ ካለው ዳገት ሥር ሻይ ቤት ያላት ሃጀር የሰውዬውን ስም አታውቅም። በረዶ በጣለ ቁጥር ጉልበቱ ላይ የላስቲክ ቁራጭ አስሮ ይመጣና የመንገደኛው መኪና እንዳይንሸራተት ጎማውን በሰንሰለት ያስራል። ዛሬ ያሰረለት ዳገቱን ተሻግሮ ሙሽሪትን ሊያመጣ ለቸኮለ ሙሽራ ነው።

«ትንሽ ነዳ አድርገህ ቁም፤ ሰንሰለቱ ስለሚላላ እንደገና አጠብቀዋለሁ።»

«አባባ፣ እስከዚያ ሌላ ታግባ?» አለ ሙሽራው።

«ብትዘገይ ትቆጣሃለች። ካልደረስክ ግን ታለቅሳለች።»

ሙሽራው እየሳቀ ትንሽ ነድቶ ቆመ፤ ሰውዬውም በረዶው ላይ ተንበርክኮ አጠበቀለት። «ስትደርስ ለሻይ ቤቱ ደውል» ብሎ ሸኘው።

ከዚያ ስልኩ አጠገብ ቆሞ ጠበቀ። ሃጀር ዱሮ የማን ስልክ ሳይደወልለት እንደቀረ ልትጠይቀው አሰበችና ተወችው።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። «ደርሷል» አለችው።

ያኔ ተቀመጠ። እንደ አገሩ ልማድ ድፍን ስኳር በጥርሱ ይዞ፣ ሲጠብቅ የቀዘቀዘበትን ሻይ ማጣጣም ጀመረ።

«ትኩስ ልቅዳልዎ?»

«ተይው፣ ይኼው ይጣፍጣል።»