ናስራ የዳረቻቸው ወፎች

ናስራን ሌባ ያላት ሰው ያን ዕለት ከሰልፍ መመለሱ ነበር። «ሑሪያ፣ ሰላም፣ ዐዳላ» ሲል ውሎ ድምፁ ተዘግቷል። ነፃነት፣ ሰላም፣ ፍትሕ ማለት ነው። ፍትሕን ሲጣራ በዋለበት አፉ፣ ካርቱም፣ ማንሺያ ሰፈር በሚገኘው የእህቱ ቤት በር ላይ ቆሞ፣ የሰፈሩ ዘበኞችና ሻይ ሻጯ እየሰሙ፣ «ሰማያዊዎቹን የሸጠቻቸው ይቺ ሀበሺያ ናት» አለ። ጊዜው በፈረንጅ 2019 ሚያዝያ ነው፤ አሮጌው መንግሥት ከወደቀ ሳምንት አልሞላውም።

ስለ ሰውየው ብዙ መጻፍ አልፈልግም። ስለ ናስራ ነው የምጽፈው። ስለ ናስራ ደግሞ እንባ እያፈሰሱ መጻፍ አይቻልም፤ ልጅቷ ታስቃለች።

ናስራ የባቲ ልጅ ናት። በመተማ በኩል ካርቱም የገባችው በሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ጀሪፍ በሚባል ሰፈር ከሦስት የአገሯ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፤ ጧት ጧት ራክሻ በሚሉት ባጃጅ ማንሺያ ትሄዳለች። የምትሠራው ኡስታዝ ሙሄዲን ቤት ነው። ኡስታዝ በባሕረ ሰላጤው ዐረብ አገሮች ሃያ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሮ፣ ቤት ሠርቶ፣ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሚስቱ ሀጃ ኢኽላስ ትባላለች። ያ ድምፁ የተዘጋው ሰውዬ ሰይፈዲን የሚባል የእሷ ወንድም ነው።

በግቢው ጓሮ፣ ከኒም ዛፉ ሥር፣ የሽቦ ቤት አለ። የበየድኩት እኔ ነኝ፤ በየጊዜው ለጥገና ስለምጠራም ነገሩን ሁሉ ከአጠገቡ ሆኜ አይቻለሁ። ኡስታዝ የሚያረባው ጎልዲያን የሚባሉ የአውስትራሊያ ወፎችን ነው። ወፏ ከድንቢጥ አትበልጥም። ጀርባዋ አረንጓዴ፣ ደረቷ ወይን ጠጅ፣ ሆዷ ቢጫ፣ ፊቷ ቀይ ወይም ጥቁር ነው፤ ሕፃን ልጅ ቀለም አግኝቶ የተጫወተባት ትመስላለች። አርቢዎች ግን ይህ ሁሉ አልበቃቸውም። እነሱ የሚያሳድዱት ከስንት አንዴ የሚወጣውን ነው፦ ጀርባው ሰማይ የመሰለ፣ ሆዱ ነጭ የሆነ።

ናስራ የተቀጠረችው ልብስ ልታጥብና ቤት ልታጸዳ ነበር። ወፎቹ ተጨመሩባት። ይሄ እንኳ አዲስ ነገር አይደለም፤ የሀበሻ ሠራተኛ ሥራ ጎማ ነው፣ በሳቡት ቁጥር ይሳባል። እሷ ግን ወደደቻቸው። ዱኽን የሚሉትን ማሽላ መሳይ እህል በእርጥብ ጨርቅ አብቅላ ታበላቸዋለች፤ የእንቁላል ቅርፊት ቀቅላ ትወቅጥላቸዋለች፤ ኪያር ትከትፍላቸዋለች። ማንበብ ስለማትችል የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ በትንንሹ እየቆረጠች እግራቸው ላይ ቀለበት ታደርጋለች። ቀዩ አንድ ቤተሰብ ነው፣ ቢጫው ሌላ። ማን ከማን እንደተወለደ ብትጠየቅ ሳታመነታ ትነግርሃለች። ኡስታዝ ደብተር ነበረው፤ ደብተሩ ግን ናስራን ነበር የሚጠይቀው።

ከዱባይ የመጣ መንገደኛ አንድ ሰማያዊ ወንድ ወፍ አመጣ። ኡስታዝ ገዝቶ ከአረንጓዴ ሴት ጋር አደረገው፤ አምስት ጫጩት ተፈለፈለ። ጎልዲያን ሲያድግ መጀመሪያ አመድማ ነው፤ ትክክለኛ ቀለሙ የሚወጣው ከወራት በኋላ ላባውን ሲቀይር ነው። ቤተሰቡ ሁሉ ጠበቀ። አምስቱም አረንጓዴ ሆነው አረፉት። የወፍ ገበያው ነጋዴ ደግሞ «ከሰማያዊ አባት ግማሹ ሰማያዊ መሆን አለበት» ብሎ ለኡስታዝ ነገረው። ያ ነጋዴ ስለ ዘር የሚያውቀውን ያህል እኔም ስለ ጨረቃ አውቃለሁ።

«ቀለሙ ጠፋ» አለ ኡስታዝ።

«አልጠፋም፣ ኡስታዝ» አለችው ናስራ። «ውስጣቸው ነው። እናቴ ገብስማ አውራና ቀይ ዶሮ ነበራት። አንድ ቀን ነጭ ጫጩት ፈለፈሉ። አያቷን ወጥታ ነው።»

ኡስታዝ ሳቀ። ጂኦግራፊ የተማረ ሰው በዶሮ አይማርም።

ናስራ አምስቱን አረንጓዴዎች ለመዳር ጊዜው ሲደርስ አንድ ሕግ አወጣች። ወንድምና እህት አንድ ቤት አይገቡም። ለአምስቱም ከሌላ ዘር ባልና ሚስት ፈለገችላቸው። የጎረቤቱ ዘበኛ ይማም የወረባቦ ልጅ ነው፤ በሽቦው በኩል አንገቱን አስግጎ ይተርባታል።

«ቃዲዋ፣ ዛሬ ስንት ኒካሕ አሰርሽ?»

«ሁለት። ሦስት ይቀረኛል።»

«ሽማግሌ ልከዋል?»

«አንተን ሊልኩ አስበው ነበር፣ አፍህን ፈርተው ተዉት።»

«አንቺ፣ ወፍ እኮ ነው። እህት ይሁን አክስት ምን ገዶት።»

«እሱን አይገደውም። የማጋባው ግን እኔ ነኝ። በእኔ እጅ እንዲህ ያለ ነገር አይሠራም።»

ተሳስታ ነበር። ይህን ራሷም በኋላ እየሳቀች ነግራኛለች። የተደበቀ ቀለም የሚወጣው ከእናትም ከአባትም ወገን ሲመጣ ብቻ ነው። ልጆቹን በሙሉ ለባዳ ስትድር ሰማያዊውን ይበልጥ ቀበረችው። በቀጣዩ የብርድ ወራት አሥራ አንድ የልጅ ልጅ ተወለደ፤ አሥራ አንዱም አረንጓዴ። ይህን ስሕተት የሚሠራ አርቢ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም፣ ዘር ቆጥሮ የሚጋባ አገር ልጅ ካልሆነ በቀር።

ጥር ላይ ቡሪ ሰፈር ሰልፍ ነበር። ፖሊስ «ቡምባን» የሚሉትን አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ፤ ጭሱ በነፋስ እስከ ማንሺያ ደረሰ። ናስራ እርጥብ አንሶላ ይዛ ሮጣ የሽቦውን ቤት ሸፈነች። ሌሎቹ ተረፉ፤ ሰማያዊው ግን ከሰዓት በኋላ መሬት ላይ ተገኘ።

እንግዲህ ሚያዝያ ላይ ሰይፈዲን በሩ ላይ ቆሞ ያን ነገር የተናገረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሂሳቡ ቀላል ነበር። ነጋዴው ግማሹ ሰማያዊ ይሆናል ብሏል፤ ሰማያዊ አልታየም፤ ስለዚህ ሠራተኛዋ ሰማያዊዎቹን ሸጣ በቦታቸው አረንጓዴ ተክታለች። ሰው ለመክሰስ ከዚህ በላይ ማሰብ አያስፈልግም፣ ተከሳሿ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የሌላት ሀበሻ ከሆነች።

ኡስታዝስ ምን አለ? ምንም። አላባረራትም፣ አልተከላከለላትም። ሌባ ናት ብሎ እየጠረጠረ የሽቦ ቤቱን ቁልፍ እሷው ዘንድ ተወው፤ ሌላ ሰው ወፎቹን አያውቃቸውማ። እንዲህ ዓይነቱን ዝምታ ጨዋነት የሚሉት ሰዎች አሉ። እኔ አልልም።

በማግስቱ ናስራ ሀጃ ኢኽላስ ዘንድ ገባች።

«ሀጃ፣ ቁልፉን ይያዙልኝ።»

«ለምን ያ ቢቲ፣ ልጄ? ልትሄጂ ነው?»

«የትም አልሄድም። ሌባ ተብዬ ሄጄ ማን ቤት እገባለሁ? ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ ካልከፈቱልኝ አልገባም። ስገባም ስወጣም እጄን ይዩ። ሰማያዊው ከነዚህ አረንጓዴዎች ሲወለድ በዓይንዎ ያያሉ።»

«ባይወለድስ?»

«ያኔ ወንድምዎ ያለው እውነት ነው ይበሉ።»

ሀጃ ቁልፉን በክር አስራ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው።

ሰኔ መጣ። ወታደሮቹ ሰልፈኛው ላይ የተኮሱበትን የዚያን ሰኔ ነገር እዚህ አልጽፈውም፤ ወንበር ላይ ተቀምጬ በሁለት መስመር የማልፈው ነገር አይደለም። ኢንተርኔቱም ተቆረጠ። ሪያድ ያለውን የእህቱን ልጅ ስለ ቀለሙ በስልክ እጠይቀዋለሁ ሲል የነበረው ኡስታዝ «ምን ይደረግ፣ ተቆርጧል» አለ። ሐምሌ ላይ ኢንተርኔቱ ሲመለስ ከልጁ ጋር ስለ ወታደሮቹና ስለ ሲቪሎቹ ስምምነት ሦስት ሰዓት አወራ። ስለ ናስራ አንድ ቃል አልጠየቀም። መልሱ ኪሱ ውስጥ፣ ስልኩ ላይ ነበር።

እሷ ግን በዚያ ሙቀት ሀጃን ወንበር ላይ አስቀምጣ ታስተምራታለች። ጊዜ ሲረዝም ሀጃ ወፎቹን በቀለበታቸው መጥራት ጀመረች። አንድ ቀን እንዲህ ሲሉ ሰማኋቸው፤ እኔ የላላ በር አጠብቅ ነበር።

«ሰማያዊው ውስጣቸው ካለ ለምን አይወጣም?» አለች ሀጃ።

«ብቻውን ስለሆነ ይመስለኛል። ከሁለቱም ወገን መምጣት አለበት። ግን ሁሉም ዘመድ ነው፣ ሀጃ።»

«ቢሆንስ?»

«እኛ ሰፈር ዘመድ አይጋባም። ሙስሊሙም ቢሆን ሰባት ቤት ይቆጥራል።»

ሀጃ ወንበሩ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። «አንቺ፣ እኔና ሙሄዲን ምን የሆንን ይመስልሻል? የአጎቴ ልጅ እኮ ነው። አራት ልጅ ወለድኩለት። የትኛው ነው ጎዶሎ?»

«አስታግፊሩላህ፣ እሱን አላልኩም።»

«ወንድምና እህት ለኛም ሐራም ነው፣ እሱን ተዪው። የአጎትና የአክስት ልጆችን ግን በእኛ ደንብ ዳሪያቸው። የሚኖሩት ሱዳን አይደል?»

ናስራ ወፎቹን አየች። «ኃጢአቱ በእርስዎ አንገት ነው» አለች።

«ቁልፉም በእኔ አንገት ነው። ያላ፣ ጀምሪ።»

ብርዱ ሲገባ አራት ጥንድ ወፎች ተዳሩ፤ ቀዩ ቤት ከቢጫው፣ ጥቁሩ ከነጩ፣ ሁሉም የሟቹ ሰማያዊ የልጅ ልጆች። ይማም በሽቦው በኩል ሆኖ «ዛሬስ ቃዲዋ መዝሀቧን፣ የምትፈርድበትን ሕግ፣ ቀየረች» አለ። አዲሱ መንግሥት ከተመሠረተ ጥቂት ወር ሆኖታል፤ ከተማው ለቤንዚን ይሰለፋል፣ ለዳቦ ይሰለፋል። ሀጃ ግን ቀኑን ሙሉ ስለ ጎጆ ሳጥን ታወራለች። የመጀመሪያዎቹ እንቁላሎች ሲፈለፈሉ ሳጥኑን በስልክ መብራት አየችና ናስራን ጎተተቻት።

«ሰማያዊ ነው። አፉ ጥግ ላይ ሲያበራ አየሁት።»

«እሱ ዶቃ መሳይ ነገር ነው፣ ሁሉም አላቸው፣ ሀጃ። እናትየው በጨለማ አፋቸውን እንድታገኝ ነው።»

«አላህ ይማርሽ፣ ልቤን አቆምሽው።»

ጫጩቶቹ ከሳጥን ሲወጡ ተቆጠሩ። አራት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ አራት። ሁሉም አመድማ፣ ጀርባቸው አረንጓዴ የነካው። ናስራ መቀለድ ቀነሰች። ወልደው ቢጨርሱና ሰማያዊ ባይወጣ በራሷ ላይ የፈረደችው ፍርድ አለ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የጥቁሩና የነጩ ቤት ልጆች ሁለተኛ ፈለፈሉ። አራት ወጡ፤ አራተኛው አመድማ ነው፣ ግን አረንጓዴ የሚባል ነገር የለበትም፤ የዝናብ ደመና ይመስላል። ናስራ አንድ ሰዓት ያህል ቆማ አየችው። ለኡስታዝ አልነገረችም። ለሀጃም «ላባ እስኪቀይር እንጠብቅ» ብቻ አለቻት።

የካቲት ላይ ጀርባው ሰማይ ሆነ።

ኡስታዝ መነጽሩን እየጠረገ ሦስት ጊዜ አየውና «የእኔ ሰማያዊ» አለ። ወዲያው የወፍ ገበያውን ነጋዴ ሊጠራ ስልኩን አነሳ። ሀጃ ስልኩን ተቀበለችውና ለወንድሟ ደወለች። «ና፣ የተሰረቀብን ነገር ተገኝቷል» አለችው።

ሰይፈዲን ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ደስ ብሎት መጣ። ሀጃ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ በእጁ አስቀመጠችለትና «ክፈት» አለችው። ከፈተ። ሰማያዊው ክንፉን እየዘረጋ ነበር።

«ማሻአላህ። ከዱባይ ነው?»

«ከዚያኛውና ከዚህችኛዋ» አለች ሀጃ፣ ሁለት ወፎች በጣቷ እያሳየች።

«ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው።»

«ናስራ ዓመት ሙሉ የነገረችን እኮ ይህንኑ ነው። ሰማያዊው ውስጣቸው ነበር። ቁልፉ አሥር ወር አንገቴ ላይ ነው ያደረው። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አልተካም።»

ሰይፈዲን ወፉን አየ፣ እህቱን አየ፣ ከዚያ ኪሱን መዳበስ ጀመረ። ይህን እጅ አውቀዋለሁ። ሰው በድሎ ቃል ሲያጥረው የሚገባበት ኪስ አለ።

«ተዉት፣ ዓሚ ሰይፈዲን» አለችው ናስራ። «ሌባ ያሉኝ በሩ ላይ ነው። አለመሆኔንም በሩ ላይ ይበሉልኝ።»

«ሰው አለ እኮ።»

«ያን ጊዜም ሰው ነበር።»

ኡስታዝ ጉሮሮውን ጠረገና ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የሚለውን ነገር አለ፦ «እኔም አብሬህ እወጣለሁ። እኔም ዝም ብያለሁ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ወጡ። ይማም በሩ ላይ ነው፤ ሻይ ሻጯ ሙላቷ ከግንቡ ጥላ ሥር ውሃዋን ጥዳለች፤ ሁለት ሹፌሮችም በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሰይፈዲን ሰልፍ ላይ ያን ያህል የጮኸ ሰው፣ አሁን በሹክሹክታ «ናስራ አልሰረቀችም። አጥፍቻለሁ» አለ።

«ጀነሬተሩ ይጮኻል፣ ከዚህ አይሰማም» አለ ይማም፤ የሰማው እየሰማ።

ሰይፈዲን ፊቱ ቀላ። ናስራን ዞር ብሎ አያት። እሷም እጇን አጣምራ ቆማ ነበር፤ አልራራችለትም። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሹፌሮቹ ብርጭቆአቸውን እስኪያስቀምጡ ድረስ፣ ደገመው።

«አሁን ልክ ነው» አለች ናስራ። «ግቡ፣ ምሳ ይቀዘቅዛል።»