ከወንዙ ማዶ ያልመጣ መልስ

ልጅ ሳለሁ የእናቴ አባት፣ አባባ ታከለ፣ ተረት ሲነግሩን አንዳችን «እህ» እያልን መቀበል ነበረብን። ተቀባይ ዝም ካለ ተረቱ ይቆማል፤ የቤቱ ደንብ ነው። ያኔ ጋዝ እንዳያልቅ ኩራዙ ቶሎ ስለሚጠፋ ከምድጃው ፍም በቀር ብርሃን አልነበረንም፤ አባባም የሚሰማ ሰው መኖሩን የሚያውቁት በድምፃችን ብቻ ነበር። ብዙውን ጊዜ ተቀባዩ እኔ ነበርሁ።

አንዱ ተረታቸው ግን መጨረሻ አልነበረውም። ሁለት ወንድማማቾች ከጅጋ ገበያ ሲመለሱ ብር የሚባለው ወንዝ ሞልቶ ይጠብቃቸዋል። ታላቁ አህያዋን ይዞ ይሻገራል፤ ታናሹ ከማዶ ይቀራል። ጉም ወርዶ አይተያዩም። ታላቁ ይጣራል፤ ታናሹ «ወይ!» ይላል። ደግሞ ይጣራል፤ «ወይ!» ይላል። ለሦስተኛ ጊዜ ይጣራል። እዚህ ላይ አባባ ዝም ይሉ ነበር። እኔም የዘነጉት መስሎኝ «እህ» እላለሁ።

«አንተን አይደለም» ይሉና ፍሙን አመድ ያለብሱታል።

ፍኖተ ሰላም ስማር፣ በጽሑፍ ክፍለ ጊዜ አጭር ትረካ ጽፈን እንድናሻሽል ታዘዝንና ይህንኑ ተረት ከነ«እህ»ው ጻፍሁ። መምህራችን ረቂቁን አይታ፣ «‹እህ›ው በዛ፤ አውጣው። ደግሞስ ወንዝ ዳር ጥለኸን የት ሄድህ? ጨርሰው እንጂ!» አለችኝ። ልክ ነበረች። ዓረፍተ ነገሮቹን አንድ በአንድ እያነሣሁ መዘንሁ፤ ትርፉን ቃል ሁሉ አወጣሁ። መጨረሻም አበጀሁለት፤ ውሃው ታናሹን ወሰደው፣ ጉሙ ሲገለጥ ጋቢው ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ።

«አሁን በእግሩ ቆመ» አለች መምህሯ።

እኔ ግን ልቤ አላመነም። ክፍል ፊት ከማንበቤ በፊት አባባ ይስሙልኝ ብዬ ቅዳሜ አገር ቤት ሄድሁ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ነበር።

«ዛሬ ደግሞ ተራኪው አንተ ሆንህ? ጉድ ፈላ!» ብለው ሳቁ። «በል እንግዲህ፣ እኔ እቀበልሃለሁ። እንዳታስተኛኝ ብቻ!»

ማንበብ ጀመርሁ። ገበያው ላይ «እህ» አሉ። አህያዋ ላይ «እህ»። ጉሙ ላይ «እህ» አሉ፣ ቀስ ብለው። ውሃው ታናሹን ወሰደው ስል ግን መልስ አልመጣም። ደንቡ ነውና ቆምሁ።

«እኔ ገና እየጠራሁት» አሉ፣ «አንተ ቀበርኸው እንዴ፣ ልጄ?»

ታላቁ ወንድም እሳቸው እንደነበሩ ያን ምሽት አወቅሁ።

መጨረሻውን ሰረዝሁ፤ «እህ»ዎቹንም ወደየቦታቸው መለስሁ። ክፍል ውስጥ ሳነብ ሦስተኛው ጥሪ ላይ አቆምሁ። መምህሯ ቀና ብላ «ከዚያስ?» አለች። ወረቀቱን አጥፌ ወደ ቦታዬ ተመለስሁ። ትረካዬ በዚህ ይጠንክር ወይም ይድከም ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም። ብቻ ጉም በወረደበት ጠዋት መኪናው የብርን ድልድይ ሲሻገር ጆሮዬ ወደ ውሃው ያደላል፤ ከንፈሬ ላይ የሚደርሰውን «እህ»ም እውጠዋለሁ፤ የሚጠበቀው የእኔ ድምፅ አይደለምና።