ሁለት ግማሽ ምስክር

ከመምህራን ስብሰባ ወጥቼ ባጃጅ ውስጥ ገና አንድ እግሬን እንዳስገባሁ ነው የያዙኝ። ባለ ባጃጁ ዘወር ብሎም ሳያየኝ ፈተለከ፤ አልፈርድበትም። በስብሰባው ላይ ተነሥቼ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ከእኛ ትምህርት ቤት የተወሰዱት መምህራን የት ነው ያሉት?» መልሱን በአካል ሄጄ እንድፈልገው አደረጉኝ። እነሱን ግን እዚያም አላገኘኋቸውም።

ጋምቤላ ላይ ሰው በጥርጣሬ የሚታፈስበት ወቅት ነበር። ጣቢያው ሞልቶ ስለነበር ለሴቶች የሰጡት ክፍል የዕቃ ማስቀመጫ የነበረ ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮት የሚባል የለውም። ብርሃን የሚገባው ከብረት በሩ ሥር ባለው ክፍተት ነው። በዚያ ክፍተት የሰው ጫማ ይታያል፤ ፊት አይታይም። ሙቀቱን ለጋምቤላ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለሌላው ደግሞ ብነግረው አያምነኝም።

ገብቼ ገና ሳልቀመጥ ከጣሪያው ላይ «ጧ!» አለ። መሬት ላይ ተደፋሁ። ከጥግ አንዲት ትልቅ ሴት ሳቁ።

«ማንጎ ነው፤ ተነሺ» አሉኝ። «ከላያችን ዛፍ አለ። እኛም መጀመሪያ ቀን ተደፍተናል።»

እትዬ እላቸው ነበር። ከወሎ መጥተው ከተማው መሃል ጨርቃ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ናቸው። ልጃቸውን ፈልገው ሲያጡት እሳቸውን ያዙ። «ልጄ ሲመጣ እወጣለሁ፤ እንዳይመጣ ደግሞ ዱዓ አደርጋለሁ» ይሉ ነበር።

ሦስተኛችን ከበሩ አጠገብ የተቀመጠች ወጣት ናት። በር ላይ ሻሽና ቀበቶ ይወስዳሉ፤ እንዳንታነቅበት ነው አሉ። ልጅቷ ፀጉሯ ሳይሸፈን ተቀምጣ አታውቅምና ሁለት እጇን ከራሷ ላይ አላወርድ ስትል፣ እትዬ ከውስጥ ቀሚሳቸው ቀደው አሰሩላት። እኔ በሻሽ ምክንያት ከአባቴ ጋር ስንት ዓመት የተኳረፍኩ ሰው ነኝ። ቢሆንም ያን ብጣሽ ጨርቅ ሲያስሩላት እኔም ጫፉን ይዤ አገዝኳቸው። በግድ ማስወለቅ በግድ ከማልበስ በምን ይሻላል?

የታሰረችው በወርቅ ስርቆት ነው። የከሰሷት ደግሞ የገዛ አባቷ ናቸው። እዚሁ ከተማ ሱቅ አላቸው። መቲ ከተማ ላለ ቡና ነጋዴ፣ ሚስት ላለው ሰው፣ ሊድሯት ቀን ቆርጠው ነበር። ተሰረቀ የተባለው የራሷ የሙሽራ ወርቅ ነው። አንገቷ ላይ እንዳለ ወጥታ መናኸሪያ ስትደርስ አስያዟት። «እሺ ካለች ክሴን አነሣለሁ» ብለዋል። እኔ በገባሁ በሳምንቱ ወሬው ደረሰን፤ በማግስቱ ምስክሮች ይዘው ሊመጡ ነው፤ እዚሁ፣ እስር ቤቱ ድረስ፣ ፈቃዷን ሊጠይቁ።

እኛ ዘንድ ኒካህ ከመታሰሩ በፊት ሁለት ወንዶች ሙሽራዋ ወዳለችበት ክፍል ይላካሉ። ለዚህ ሰው ለመዳር አባትሽን ወክለሻል ወይ ብለው ይጠይቋታል። አፍራ ዝም ካለች ዝምታዋ እንደ ፈቃድ ይቆጠራል። ስንቷ በዚያ ዝምታ ተድራለች። ከነሱ ውስጥ ወዳ ዝም ያለችም አለች፤ ወዳ የተዳረችውን ሳትወድ ከተዳረችው የለየ ግን የለም።

«መማር ፈልገሽ ነው?» አልኳት።

«ትምህርትማ አልወድም፣ ቲቸር።»

«የምትወጂው ሰው አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምክንያትሽ ምንድን ነው?»

«አልፈልገውማ!»

ትልቅ ምክንያት ስፈልግላት ነበር። ወላሂ፣ ከዚህ የሚበልጥ ምክንያት እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

«እንግዲያው ነገ ሲጠይቁሽ ዝም እንዳትዪ» አልኳት። «ጮክ ብለሽ አልፈቀድኩም በይ።»

እትዬ ከጥጋቸው ተነሡብኝ። «ተይ አንቺ አስተማሪ! አባቷን በሰው ፊት አዋርዳ ወዴት ልትገባ ነው? አንቺ ቤት?»

እኔም ያለሁት እዚያው ቆርቆሮ ሥር ነው።

«እኔንም በዝምታ ነው የዳሩኝ» አሉ። «ሰውዬው ደግ ሰው ወጣ። ወልጄ፣ ከብሬ ኖሬአለሁ።»

«ክፉ ቢወጣስ ኖሮ?»

«አልወጣማ!»

«እትዬ፣ ይሄ ሃይማኖቱ ራሱ...»

«ሃይማኖቱን ተይው! የሚጠይቋት እኮ ዲኑ ጠይቁ ስላለ ነው። ባይልማ ሴትን ማን ይጠይቅ ነበር? ዝምታውም ለዓይናፋር የተደረገ እዝነት ነው፤ ለመናገር እንዳትጨነቅ። ጥፋቱ የሰዉ ነው።»

«እዝነቱ ለማን እንደዋለ አየሁት» አልኳቸው። አነጋገሬ ክፉ ነበር፤ ፊታቸውን አዞሩብኝ።

ውሃ ልታስገባ በሩን የከፈተችው ጠባቂያችን ፖሊስ ስንጨቃጨቅ ሰምታናለች። የዚሁ አገር ልጅ ናት፤ ኑዌር። አማርኛን ቆጥባ ነው የምትናገረው። «እኛ ጋ በከብት ነው» አለች። «ከብት ገባ፣ አለቀ። እኔን ማንም አልጠየቀም።» ጀሪካኑን አስቀምጣ በሩን ቆለፈች።

ከዚያ ልጅቷን ማለማመድ ጀመርኩ። ሌላ ምን አውቃለሁ? ሥራዬ እሱ ነው። «አልፈቀድኩም በይ» እላታለሁ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። አባቷ ባሉበት ሰው ፊት አንድ ቀን ተናግራ አታውቅም። «ከኋላ የተቀመጠው ተማሪ አልሰማም» እላታለሁ፤ ይኸኔ ትስቃለች። ደግማ ትሞክራለች። እትዬ ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን፣ ስለወሰዱባቸው በጣታቸው ዚክር ይቆጥራሉ። አንዴ ብቻ፣ ሳይዞሩ፣ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አሉ። «ዝም ባለ አፍ ባል ይገባበታል» አልኳቸው። ትከሻቸው ሲነቃነቅ አየሁ፤ ስቀዋል።

በማግስቱ ጠዋት፣ እንደ ሌላው ቀን ሁሉ፣ መርማሪው ጠራኝ። ከስብሰባው በስተጀርባ እነማን አሉ ይለኛል፤ ዝም እላለሁ። «ዝም ካልሽ አምነሻል ማለት ነው» ይለኛል። ሁልጊዜ የሚላት ነገር ናት። የዚያን ዕለት ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረች።

የመጡት ከቀትር ሶላት በኋላ ነው። በበሩ ሥር ጫማቸውን አየን። አንዱ የተወለወለ ጥቁር ቆዳ ነው፤ ልጅቷ ስታየው ወደ ኋላ ሸሸች፤ የአባቷ ነው። አንዱ ነጭ ሸራ ጫማ። ሦስተኛው ኮንጎ ጫማ ነው፤ ተረከዙ ተሰንጥቆ በሽቦ የተሰፋ። ፖሊሷ ቁልፉን ስታንሿሿ አባት ከለከሉ።

«አይከፈት! ሴቶቹ ራሳቸውን አልሸፈኑም።»

ማን ገፈፈን? ይህን ልናገር አፌን ስከፍት እትዬ ክንዴን ያዙኝ።

ባለ ኮንጎው ጉሮሮውን ጠረገ። የሽማግሌ ድምፅ ነው፤ ሰላምታ ሰጠን፤ ቢስሚላህ ብሎ ጠየቃት። ልጅቷ ቆማለች። ጣቶቿን ጨምቄ ያዝኳቸው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ትናንት ማታ የተለማመድነው ግን አይወጣም። ሽማግሌው ደግሞ ጠየቀ። ከላይ አንድ ማንጎ ወደቀ፤ ማንም አልደነገጠም።

«ዝም አለች፤ አልሐምዱሊላህ» አሉ አባት። «ዝምታዋ ፈቃዷ ነው።»

ጫማዎቹ ዞሩ።

«አልፈቀድኩም» አለች።

ቀጭን ድምፅ ነበር፤ ግን ወጣ። ኮንጎው ጫማ ቆመ።

«ምን አለች?» አሉ አባት።

«እኔ ምንም አልሰማሁም» አለ ባለ ሸራው።

እኔ ከመናገሬ በፊት እትዬ ዘለው ተነሡ። ትናንት ሙሉ ቀን ስትሟገተኝ የዋለችው ሴት በመዳፏ ብረቱን ትደበድበው ጀመር። አንቱታው በዚያች ሰዓት ጠፍቶኛል።

«እኔ ሰምቻለሁ! አልፈቀደችም! በአላህ ፊት ምስክር ነኝ!»

«ለዚህ ሴት አትመሰክርም» አሉ አባት። «ታውቂዋለሽ።»

«ግማሽ ነኝ፣ አውቃለሁ! ቆዩ!» ወደኔ ዞሩ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። «ነይ፣ ተነሺ አንቺ! አንቺም ግማሽ ነሽ።»

የሁለት ሴት ምስክርነት እንደ አንድ ወንድ ይቆጠራል የሚለውን ገና በልጅነቴ ነው የሰማሁት። ለብድር ውል የተባለ ነው የሚል አለ፤ ለሁሉም ነው የሚል አለ። እኔ በዚህ ነገር ገበታ ረግጬ ተነሥቼ አውቃለሁ፤ ግማሽ አይደለሁም ብዬ። ያን ቀን ግን ግማሽ ለመሆን እየሮጥኩ ሄድኩ። ከእትዬ ጎን ቆሜ እኔም ብረቱን መታሁት።

«ሰምቻለሁ! አልፈቀደችም!»

«ይኸው፣ አንድ ሞላን!» አሉ እትዬ። «አንድ ምስክር አለ!»

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» አለ ባለ ሸራው፤ ሳቀም።

ኮንጎው ጫማ አልተንቀሳቀሰም። አላህ ያሳያችሁ፣ በሕይወቴ አንድን ጫማ እንደዚያ ለምኜ አላውቅም። የአውራ ጣቱ ጥፍር በቀዳዳው ወጥቶ ይታያል። ትንሽ ቆየ። ከዚያ ተከትሏቸው ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ክሱ ተነሥቷል ተብላ ተጠራች። ፖሊሷ ጥቁር ሻሿን በር ላይ መለሰችላት። ልጅቷ ሻሿን አስተካክላ አሰረች፤ ብጣሹን አጥፋ ለእትዬ ሰጠች። እኛን አቅፋ አላለቀሰችም። በሩ ከተቆለፈ በኋላ ከኮሪደሩ ድምፅዋ መጣ፤ «አልፈቀድኩም!» ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ፤ «አልፈቀድኩም!» ከኋላ የተቀመጠው ተማሪ በደንብ የሚሰማው ድምፅ ነበር። በግቢው ውስጥ ከነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ ያያት ይኑር አይኑር አላውቅም። የመኪና በር ተዘጋና ድምፁ ቀረ።

እትዬ ብጣሹን ፊታቸው ላይ አድርገው ተንሰቀሰቁ። «አንድ ሞልተን ነበር እኮ» ይላሉ። «አንድ ሞልተን ነበር።»

በማግስቱ መርማሪው ያችኑ ቃሉን ሲናገር «አላመንኩም» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና የራሱን መጻፉን ቀጠለ።

ፍርድ ቤት ሳልቀርብ ተፈታሁ። እትዬም ወጥተዋል፤ ልጃቸው እስከ ዛሬ አልመጣም። አልፎ አልፎ ሱቃቸው እሄዳለሁ። ስለ ዲን እንከራከራለን፤ አንዳችንም አላሸነፍንም። ልጅቷ መቲ ናት፤ ወልዳለች ይባላል። ሄደን እንጠይቃት ተባብለን አንዴም አልሄድንም። ብናያት ምን እንላታለን?

ባለፈው ገበያ ውስጥ ማንጎ ስመርጥ ከፊቴ አንድ እግር ቆመ። ኮንጎ ጫማ ነው፤ ተረከዙ በሽቦ የተሰፋ። ቀና አልኩ፤ ፊቱን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ያረጀ፣ መልካም ፊት ነው። እሱም ማን እንደሆንኩ ሰው አሳይቶት ኖሯል።

«ሰምቻት ነበር፣ ልጄ» አለኝ። «አላህ ያውቃል፣ ሰምቻታለሁ። አፉ በይኝ።»

ይቅር በይኝ ማለቱ ነው። ሽማግሌ አፉ በይኝ ሲል እምቢ አይባልም፤ እንደዚያ ነው ያደግኩት። መንገደኛው ይገፋን ነበር። አንገቴን ደፍቼ ዝም አልኩ። እሱም «አላህ ይስጥሽ» ብሎ ሊሄድ ዞረ። ያኔ ገባኝ፤ ዝምታዬን ወስዶታል።

«አፉ አላልኩም!» አልኩት።

ማንጎ ሻጯ ደንግጣ አየችኝ። እሱ ቆመ፤ አልዞረም። አልሰማሁም እንዳይል ሁለተኛ፣ ጮክ ብዬ ደገምኩለት።